ከአንበሳሜ እስከ ጋፋት

ባለፈው በጋ ከፍርድ ቤት ሥራዬ ጥቂት ቀን ፈቃድ ተቀብዬ በደራ ወረዳ በአንበሳሜ ከተማ የምትኖረውን ታላቅ እኅቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አንበሳሜ ከሐሙሲት ወደ እስቴ በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለች፥ ጤፍና ዳጉሳ የሚበቅልባት፥ እንግዳ የምትወድ ከተማ ናት። ነገር ግን የከተማይቱን መልካምነት ለማውራት አልተነሣሁም። የምጽፈው ስለ እኅቴ ልጅና ስለ አንድ የብረት ቀለበት ነው።

ልጁ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። በመጣሁበት ማታ ደብተሩን ዘርግቶ፥ ብረት በሙቀት ይሰፋል፥ በቅዝቃዜ ይኮማተራል እያለ እንደ ዳዊት ሲደግም ሰማሁት። እኔም «ይሰፋል የምትለውን አይተኸዋልን?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፥ መጽሐፉ ይላል» አለኝ። «እንግዲያው ሸክላ ሠሪዋ ያላደረቀችውን ገንቦ ከእሳት ብታገባው የሚፈነዳው ስለ ምንድር ነው?» ብለው፥ «እሱን መጽሐፉ አይልም» ብሎ ዝም አለ። ለፈተናው ግን ከ10 ጥያቄ 9ኙን መልሶ ነበር።

ልጁን ልወቅሰው አልቻልሁም። እኔም ራሴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ስማር የመስታወት ዕቃዎች በቁም ሣጥን ተቈልፈው እንዳይሰበሩ ሲጠበቁ፥ እኛ ሥዕላቸውን ብቻ እየገለበጥን ሦስት ዓመት አለፈን። ከዚያ አስቀድሞ በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ግን የኔታ ቀለም ያሠሩን ነበር፤ ጥላሸቱን ከተቈላ እህል ጋር ወቅጠን፥ በውኃ ዘፍዝፈን፥ ብዙ ቀን አቆይተን ስናበቃ፥ ያልበሰለው ቀለም ከብራናው ላይ እንደሚረግፍ በዓይናችን አየን። ኬሚስትሪ የሚባለውን ስም ያን ጊዜ አልሰማሁም፤ ነገሩን ግን አልረሳሁትም።

በማግሥቱ ልጁን ይዤ ከሰፈሩ ብረት ሠሪ ዘንድ ልሄድ ብነሣ እኅቴ ከደጃፍ ቆመች። «ወንድሜ፥ ልጄን ከዚያ ቤት አታቁምብኝ፤ ጎረቤት ምን ይለኛል?» አለችኝ። አንባቢ ሆይ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። «እትዬ፥ ይቅር እንግዲህ፤ እስከ ደብረ ታቦር ግን ይፍቀዱልኝ» አልኋትና በዚህ ተስማማን።

ከሐሙሲት ተነሥተን የጉማራን ወንዝ ተሻግረን ወረታ ደረስን፤ ከዚያም በዓለም በር በኩል ዳገቱን ወጣን። አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የጉና ተራራ በሩቁ ታየን። ደብረ ታቦር አድረን በጧት ወደ ጋፋት ወረድን። የዐፄ ቴዎድሮስ የመድፍ ማቅለጫ ዛሬ በዚያ ቆሞ አይገኝም፤ ልጁም «ይህ ነው?» ብሎ ቅር አለው። እኔም ተቀምጠን የማውቀውን ነገርሁት።

በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ጎባት የላካቸው፥ በባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የወጡ እነ ቫልድማየርና ዛልሙለር በዚህ ስፍራ ሰፍረው ነበር። ያገራችንም ልጆች ከእነርሱ ዘንድ ፊደልንም የእጅ ሥራንም ይማሩ ነበር። ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩ ባዘዙ ጊዜ ይህን ሥራ አናውቅም ቢሉ ሞክሩ ተባሉ። ብዙ ከሞከሩ በኋላ ሠሩ፤ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ሞሪትስ ሃል የሚባል የፖላንድ ተወላጅ ያለበት ጓድ ሴባስቶፖል የተባለውን፥ ክብደቱ 7 ቶን ያህል የሆነውን መድፍ አፈሰሰ።

ነሐስን ለማፍሰስ ወደ 1000 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ያሻል። ስለዚህ ያን እሳት የሚችል ጭቃ ማወቅ ግድ ነው። ቅርጹ ርጥበት ቢኖርበት፥ ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1600 ጊዜ ያህል ስለሚሰፋ ሁሉን ያፈነዳዋል። እዚህ ላይ ልጁ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ «ጋሼ! የገንቦውም ነገር ይኸው ነዋ!» አለ። ከመጣን ወዲህ ደስ ያለኝ በዚያች ሰዓት ነው።

መድፉም ካለቀ በኋላ ሥራው አላለቀም፤ መንገድ ያስፈልገው ነበር። ንጉሡ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው፥ ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ ገደሉን እያስደለደሉ፥ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ሚያዝያ 6 ቀንም በዚያው ዐረፉ፤ መድፉ ግን እስከ ዛሬ በመቅደላ አለ። ልጁ ይህን ሲሰማ ሒሳብ ጀመረ፤ 7 ቶን ለመሳብ ስንት ሰው፥ ዳገቱስ ምን ያህል ቢሆን እያለ በመሬት ላይ በእንጨት ይጽፍ ነበር። የክፍሉ መጻሕፍት ታሪክን ለብቻ፥ ሒሳብን ለብቻ፥ ሳይንስን ለብቻ አድርገው ያስተምሩታል፤ በዚያ ሜዳ ላይ ግን ማንም ሳያዘው ሦስቱን አገናኛቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ትምህርት ከተግባር ጋር እንዲያያዝ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ባንድ ክፍል ብዙ ልጅ ይዞ፥ ዕቃ የሌለውን መምህር በዚህ መክሰስ ፍርድ አይደለም። የብረት ሠሪው ምድጃና የሸክላ ሠሪዋ ጓሮ ግን በየሰፈሩ አሉ፤ ኪራይም አይጠየቅባቸውም።

ወደ አንበሳሜ በተመለስን ማታ ልጁ ለእናቱ ሁሉን ነገራት። ንጉሡ ወደ ጋፋት እየሄዱ ሥራውን ይመለከቱ እንደ ነበር ስትሰማ ጥቂት ዝም ብላ ቈየችና፥ «ሂዱ እንግዲህ፤ ግን በጓሮ በኩል» አለች።

ብረት ሠሪው አንድ ወገል አንሥቶ በብረት ዘንግ ላይ ሊያጠልቀው ቢሞክር በጥቂት አልገባ አለ። ከፍሙ ውስጥ ጨምሮ ወናፉን ለልጁ ሰጠውና እስኪቀላ አናፋ። በጉጠት አውጥቶ ቢያጠልቀው ወዲያው ገባ። ልጁ ሊነካው እጁን ሲሰድ ሰውየው ክንዱን ያዘውና «ቈይ፥ እስኪበርድ» አለው። ሲበርድ ጊዜ ሁለታችንም ይዘን ብንስብ ከዘንጉ አላወጣነውም። እኅቴ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ታይ ኖሮ፥ «እስቲ እናንተ ካቃታችሁ እኔ ልሞክረው» እያለች መጣች።