የዘይት ቀለም ይዞ ወደ ገንዳ ውሃ

አንባቢ ሆይ፤ ከጎንደር ተነሥተህ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ መተማ ስትወርድ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ከ1,000 ሜትር በታች ወደሆነው ቆላ ትገባለህ። ገንዳ ውሃ ስትደርስ ካፖርትህን አውልቀህ በክንድህ ይዘኸዋል። አገሩ የሚታወቀው በሰሊጡና ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. በመተማ በወደቁበት ጦርነት ነው፤ ለሠዓሊ የሚመች መሆኑን ግን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው።

ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት፣ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ ሠዓሊ አፍርቷል። አንተ ግን ለሥራ በዚህ ቆላ ተመድበህ እንደሆነ መምህርህ የዕጣን ዛፍ ነው። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ይቆማል፤ ልጡም ነጣ ያለ፣ እንደ ወረቀት የሚላጥ ነው። ጀማሪ ይህን አይቶ ወዲያው ነጭ ቀለም ያነሣል። አታንሣ! አስቀድመህ ጥላውን ተመልከት፤ በማለዳ ወደ ሰማያዊና ወደ ወይን ጠጅ ያደላል።

ገንዘብህን በቀለም ብዛት ሳይሆን በብሩሽ ላይ አውጣ። ሦስት ይበቃሃል፦ ለሰማይና ለሜዳ ሰፊ ጠፍጣፋ፣ ለቁጥቋጦ ጫፉ የሞለለ መካከለኛ፣ ለቅርንጫፍ ቀጭን ክብ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የአሳማ ጸጉር ይሁኑ፤ የውሃ ቀለም ለስላሳ ብሩሽ ወፍራሙን የዘይት ቀለም ሊገፋው አይችልም። ስትገዛ ጸጉሩን በጣትህ አጎንብሰህ ልቀቀው፤ ቀጥ ብሎ ካልተመለሰ፣ ወይም ቆርቆሮው በእጀታው ላይ ከተወላወለ፣ ለባለ ሱቁ መልስለት።

ሰሊጥ በሞላበት አገር ቀለምን በሰሊጥ ዘይት ማቅጠን ያጓጓል። አይሆንም። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል፤ የሰሊጥ ዘይት ግን በደንብ ስለማይደርቅ ሥዕልህ አቧራ ሲለቅም ይኖራል። ስለዚህ ተልባህን ከደጋ ይዘህ ውረድ። የመጀመሪያውን ቅብ በአኳራጅ አቅጥነው፤ በላዩ የሚመጣው ዘይቱ በዛ ይበል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሥዕሉ ይሰነጣጠቃል። በዚያ ሙቀት አኳራጅ ቶሎ ይተናልና ክዳኑን አትርሳ። ብሩሽህንም ሳታሳድር በሳሙና እጠብ፤ ከደረቀበት እንጨት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የዕጣኑ ደን እየሳሳ ነው፤ እሳቱ፣ ከብቱና ከልክ ያለፈው መድማት ተባብረው ችግኙ እንዳያድግ አድርገውታል። ዛፉን ስትሥል እንግዲህ ለዕጣን የተፋቀበትን ቦታ አትዝለለው። ቀላ ያለ ነው፤ ዳርና ዳሩን በቀጭኑ ብሩሽ አስገባው፤ ነጩን ቀለም እስካሁን ያቆየኸው ከቁስሉ ላይ ለወረደው ጠብታ ነው።