ጫጫ ላይ ሞተር ስናወርድ

ዛሬ ማለዳ አራት ሞተር በሁለት ፒክአፕ ጭነን ጫጫ ገባን። ከአዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «እየነዳችሁ አትመጡም ወይ?» የሚለን ብዙ ነው። የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ጉልበታችንንም ለአንኮበር ቁልቁለት ማቆየት አለብን።

መጫን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መሪው ግራና ቀኝ በቀበቶ ይወጠራል። ከልክ በላይ ከተወጠረ ግን የፊት ሞላው እስከ ታች ተጭኖ ዘይት የሚይዘው ጎሚኒ ይጎዳል። ስለዚህ በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል እንጨት እንሰካለን፤ የቤንዚኑንም ቧንቧ እንዘጋለን።

እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበታል። የአንዱ ጓደኛችን ሞተር አልነሳ ሲል ካንዴላውን ፈታሁት፦ ጥላሸት ለብሶ፣ በቤንዚን ርሷል። አድርቄ፣ በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ መለስኩት። በሁለተኛው እርግጫ ተነሳ።

ማታ ስንመለስ መረሬው ጭቃ ካቴናው ላይ ሳይደርቅ አጥበን ዘይት ቀባን። ደክሞናል፣ በርዶናል፤ ቢሆንም «ነገ እናጥበዋለን» ያለ አልነበረም። አንዱ ሞተር መንገድ ላይ ከቆመ ሁሉም ይቆማል፤ ሞተርህን መጠበቅ ጓደኛህን መጠበቅ ነው።

በሬዎቻቸውን እየነዱ የሚያልፉ አንድ አባት ቆም ብለው አዩን። «ደግ አደረጋችሁ ልጆቼ» አሉ፤ «በሬም ውሎ ሲገባ ቀንበር ልጦት እንደሆን ትከሻው ይታያል።»