የቱቫሉ ደሴቶች የዓመት ኑሮ

ፓሲፊክ በሚባለው ታላቅ ውቅያኖስ መካከል፤ ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ፤ ቱቫሉ የሚባል መንግሥት አለ። መሬቱ በጠቅላላው ቢለካ 26 ካሬ ኪሎ ሜትር፤ ሕዝቡም ቢቈጠር 11 ሺህ ያህል ነው። ደሴቶቹ ዘጠኝ ሲሆኑ የአገሩ ስም ትርጓሜ «ስምንት አብረው የቆሙ» ማለት ነው፤ ዘጠነኛይቱ ደሴት በቀድሞ ዘመን ነዋሪ አልነበረባትምና። በዚያ አገር ተራራ የለም፤ ወንዝም የለም። ከሁሉ ከፍ ያለው ቦታ እንኳ ከባሕር በላይ አምስት ሜትር አይሞላም። በተራራ ሥር ተወልዶ ያደገ ሰው፤ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ሕዝብ ዓመቱን እንዴት አድርጎ ያሳልፈዋል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ የዓመቱን ኑሮ በየወራቱ ከፍለን እንደሚከተለው እናቀርባለን። ከዚህ በታች የሚጻፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የዓመቱ ትልቅ የባሕር ሙላት ይመጣል። መሬቱ ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ የተሠራና እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስለ ሆነ፤ ውኃው በዳር በኩል ብቻ የሚገባ አይደለም። በዋናይቱ ደሴት በፉናፉቲ ከእግር በታች እየፈለቀ በመንገድና በየግቢው ይተኛል። እናቶች የቤታቸውን ዕቃ ወደ ከፍታ ያነሣሉ፤ ልጆች ግን የሚያስጨንቀውን ነገር ገና አያውቁትምና በውኃው ውስጥ ይጫወታሉ። የሚያስጨንቀውም የምግቡ ነገር ነው። ፑላካ የሚባለው ከጎደሬ ወገን የሆነው ተክል የሚበቅለው በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ፤ የዝናብ ውኃ ከአሸዋ በታች ተጠራቅሞ በሚገኝበት ስፍራ ነው። አያቶች ጕድጓዱን በእጃቸው ቈፍረው፤ ቅጠል እየነሰነሱ አፈር አድርገውለት ለልጅ ልጆቻቸው አወረሱት። የባሕሩ ጨው ወደ ጕድጓዱ የገባ እንደ ሆነ ግን የብዙ ዘመን ድካም በአንድ ወራት ይጠፋል።

በሚያዝያ ወር የፉናፉቲ ሰዎች የቦምብ ቀን የሚሉትን በዓል ያከብራሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች በዚያች ደሴት ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠርተው ነበር። አፕሪል 23 ቀን 1943 ዓ.ም. የጃፓን አውሮፕላኖች በመጡ ጊዜ 680 ያህል ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጠልለው ነበር። አንድ የአሜሪካ ወታደር ግን ወጥተው በምሽግ እንዲሸሸጉ አጥብቆ ስለ ነገራቸው እሺ ብለው ወጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቦምቡ ቤተ ክርስቲያኑን መታው። እንግዲህ ዛሬ በዚያች ደሴት ላይ ከሚኖሩት ሰዎች ብዙዎቹ አያቶቻቸው በዚያች ሰዓት ከሞት የዳኑላቸው ናቸው። የጦርነቱ ማረፊያም እስካሁን ያገለግላል። አውሮፕላን የሚመጣው በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፤ ሌላውን ጊዜ ወጣቶች ወደ ማታ ኳስ ይጫወቱበታል፤ በሙቀት ሌሊትም ሰዎች ምንጣፋቸውን ይዘው ነፋስ ለመቀበል ይተኙበታል። አውሮፕላን ሲቃረብ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ሁሉም መንገድ ይለቃል።

ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነፋሱ ከምሥራቅ ይነፍሳል፤ ዝናቡም ይቀንሳል። ወንዝ በሌለበት አገር የመጠጥ ውኃ የሚገኘው ከጣራ ላይ በጋን ከሚጠራቀም ዝናብ ነው። በ2011 ዓ.ም. ዝናቡ በዘገየ ጊዜ መንግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጆ ውኃውን ለየቤተ ሰቡ በልክ እስከ ማደል ደርሶ ነበር። በዚህም ወራት ቢሆን ወንዶቹ ጧትና ማታ በኮኮናት ዛፍ ላይ እየወጡ ከአበባው የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ውኃ ያወርዳሉ። ትኩሱን ልጆች ይጠጡታል፤ ተቀቅሎም እንደ ማር ይወፍራል።

በጥቅምት ወር መጀመሪያ ታላቁ የነጻነት በዓል ይከበራል። አገሩ ቀድሞ ኤሊስ ደሴቶች ተብሎ በእንግሊዝ ሥር ሲተዳደር ኖሮ ኦክቶበር 1 ቀን 1978 ዓ.ም. ነጻ ወጣ። በዚያው ወር በ21ኛው ቀን ደግሞ የአውሎ ነፋስ ቀን አለ። በ1972 ዓ.ም. ቤቤ የተባለው አውሎ ነፋስ የፉናፉቲን ቤቶች አብዛኛዎቹን አፈረሰ። ይኸው ማዕበል ግን ከባሕሩ ወለል የኮራል ስብርባሪ አውጥቶ በዳርቻው ረጅም ግንብ ከመረላቸው። ቤት ያፈረሰው ባሕር መሬት ጨመረላቸው።

በታኅሣሥ ወር ማለቂያ የገና በዓል ይሆናል። በየደሴቱ ባለው የጉባኤ አዳራሽ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይበላል፤ ፋቴሌ የሚባለውንም ዘፈን ይዘፍናል። ዘፈኑ በዝግታ ተጀምሮ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ከፍጹም ግለቱም ሲደርስ በአንድ ጊዜ ይቆማል። አንዳንድ ወንዶች በባዕድ መርከብ ተቀጥረው ገንዘብ ለቤታቸው የሚልኩ ናቸውና፤ በአዳራሹ ውስጥ ያለ አባት በዓሉን የምታሳልፍ ቤት አትጠፋም።

እንግዲህ ይህን የዓመት በዓል የተመለከተ ሰው እንደሚያስተውለው፤ ይህ ሕዝብ ከሚያከብራቸው ቀኖች አንዳንዶቹ ከጥፋት የተረፈባቸው ቀኖች ናቸው። አሁን የመጣው ግን በአንድ ቀን መጥቶ በአንድ ቀን የሚያልፍ አይደለም። የዓለም ሙቀት በመጨመሩ ባሕሩ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ይላል። መንግሥቱ በፉናፉቲ ዳርቻ አሸዋ እየደለደለ አዲስ መሬት ሠርቷል፤ በ2023 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥትም መሬቱ በባሕር ቢወሰድ እንኳ መንግሥትነቱ እንደማይቀር ደነገገ።

በዚያው ዓመት ከአውስትራልያ ጋር ውል ተዋዋለ። ውሉ በየዓመቱ 280 ሰዎች ወደ አውስትራልያ ገብተው እንዲኖሩ ይፈቅዳል። የመጀመሪያው ምዝገባ በ2025 ዓ.ም. በተከፈተ ጊዜ ከሕዝቡ ከሢሶ የሚበልጠው ስሙን አስመዘገበ። ይህ ማለት በየቤቱ ማታ ማታ ክርክር አለ ማለት ነው። ወጣቱ ስለ ልጆቹ ትምህርት ያስባል፤ አያት ግን በቤቷ አጠገብ የተቀበረውን ባሏን ታስባለች። መቃብር በአውሮፕላን አይጫንም።

ውሉ የተሰየመው ፋሌፒሊ ተብሎ ነው። ይህ ቃል ቤታቸው የተቀራረበ ሰዎች አንዱ ሌላውን ያለ ዋጋ እንደ ቤተ ሰቡ የሚረዳበት የአገሩ የቆየ ልማድ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን የእኛን ተረት ያስታውሰናል። ነገር ግን ጎረቤት ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ማደሪያ ቢሰጠው ደግ ሥራ ነው፤ ቤቱ ሳይፈርስ ቢደግፍለት ግን ይበልጣል። የቱቫሉ ሰዎችም ዛሬ ከዓለም መንግሥታት ሁሉ የሚለምኑት ይህን ሁለተኛውን ጉርብትና ነው።