ተጠርቶ የማይመጣ ውሻ

አንድ እረኛ ልጅ ቡቺ የሚባል ውሻ ነበረው። ቀን ከበጎቹ ጋር ይውላል፥ ሌሊት በረታቸውን ይጠብቃል። አንድ ቀን ቡቺ ሚዳቋ አይቶ በጎቹን ትቶ ወደ ዱር ገባ። ልጁም ድምፁ እስኪሰልል ድረስ ተጣራ። ውሻው ዘግይቶ፥ ጅራቱን እየወዘወዘ በመጣ ጊዜ፥ ልጁ አንገቱን ይዞ በበትር መታው፤ እየመታውም፥ «ዳግመኛ ትሄዳለህን?» ይለው ነበር።

ውሻው ግን ይህን ቃል አያውቅም። የሄደበት ነገር ካለፈ ቈይቷል፤ ዱላው ያገኘው ወደ ጌታው በቀረበ ጊዜ ነው። ልጁ እንዳይሄድ ያስተማረው መሰለው፤ ያስተማረው ግን እንዳይመጣ ነው። በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ደግሞ እንዲሁ ከሆነ በኋላ፥ ቡቺ ሲጠራ ድንጋይ ከማይደርስበት ስፍራ ቆሞ ይመለከት ጀመር። ልጁም እልከኛ ሆነብኝ ብሎ ድንጋይ ጨመረበት። በአንድ ምሽት በጎቹ ወደ በረት ሲገቡ ውሻው ከአጥር ውጭ ቀረ፤ ቢጠሩትም አልገባም። በዚያች ሌሊት ጅብ አጥሩን ጥሶ አንዲት ያረገዘች በግ ወሰደ።

በማግሥቱ አባትየው፥ «ይህን የማይረባ ውሻ ከዚህ አባርሩት» አለ። አሮጊቷ አያት ግን፥ «እስኪ አንድ ወር ተዉልኝ» አሉ።

ከደጃፉም ተቀምጠው ወጥ የነካ የእንጀራ ቍራሽ በእጃቸው ያዙ፤ ውሻውን አልጠሩትም። እርሱ ከሩቅ ሆኖ አንድ እርምጃ ወደ እርሳቸው ባነሣ ጊዜ፥ ወዲያው «ጎሽ!» ብለው ቍራሹን ወረወሩለት። በማግሥቱ ሁለት እርምጃ ጠበቁ። ስሙን መጥራት የጀመሩት በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ያውም ውሻው በራሱ ፈቃድ ወደ እርሳቸው እየመጣ ሳለ ብቻ። ልጁ ግን ቸኰለና አንድ ቀን አንገቱን ለመያዝ እጁን ዘረጋ፤ ውሻውም ሸሸ፥ የብዙ ቀን ድካም ጠፋ። አያቱም፥ «እንግዲህ ልጄ፥ ከመጀመሪያው ጀምረን እንሂድ» አሉት እንጂ አልተቈጡትም።

አሮጊቷ በልምድ ያወቁትን ነገር ሊቃውንትም መርምረውታል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የሚባል አሜሪካዊ ድመቶችን በሣጥን ዘግቶ፥ መውጫውን እንዴት እንደሚያገኙ አየ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. ባሳተመውም ጽሑፍ፥ እንስሳ መልካም ነገር ያገኘበትን ሥራ እንደሚደግም አስረዳ። ነገር ግን ብዙ ሰው ዱላን አልተወም። በ1910 ዓ.ም. ኮንራድ ሞስት የተባለ ጀርመናዊ ስለ ውሻ ማሠልጠን በጻፈው መጽሐፍ፥ አለንጋና ሹል ጥርስ ያለው የአንገት ማሠሪያ ትልቅ ስፍራ አላቸው። እንዲህ የተማረ ውሻ አይታዘዝም ማለት ሐሰት ነው፤ ይታዘዛል። ነገር ግን መቺው ጥፋቱ በተሠራባት ቅጽበት፥ ያለ ቍጣና በልክ መምታት ይኖርበታል፤ ይህንስ የሚችል ሰው ማን ነው? ውሻውም ሕመሙን ከጥፋቱ ጋር ሳይሆን ከጌታው እጅ ጋር ያያይዘዋል። በኋላ ዘመን የተደረጉ ምርምሮችም በቅጣት የተማሩ ውሾች ፍርሃትና ጭንቀት እንደሚበዛባቸው አሳይተዋል።

ካረን ፕራየር የምትባል አሜሪካዊት ደግሞ በ1960ዎቹ ዓመታት በሃዋይ ደሴት ዶልፊን የተባሉትን የባሕር እንስሶች ታስተምር ነበር። ዶልፊን በገመድ አይታሰር፥ በዱላ አይመታ፤ ከተቀየመ ዋኝቶ ይሄዳል። ስለዚህ የተፈለገውን ሲሠራ በዚያች ቅጽበት ፉጨት ይሰማል፥ ዓሣውም ይከተላል። እርስዋም በ1984 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ ይህ ሥርዓት ለሌሎች እንስሶችና ለሰውም እንደሚበጅ ጻፈች፤ ከጊዜ በኋላም በእጅ የሚያዝ፥ ሲጫኑት «ጠቅ» የሚል ትንሽ ዕቃ በውሻ አሠልጣኞች ዘንድ ተስፋፋ። ምግቡ ይዘገያል፥ ድምፁ ግን ይፈጥናል፤ የአሮጊቷም «ጎሽ!» ከቍራሹ ቀድሞ የሚደርስ ይህንኑ ሥራ ይሠራ ነበር።

ውሻን በምግብ ማስተማር ማሞላቀቅ ነው የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ውሻው በገበታ አጠገብ ሲያላዝን ዝም እንዲል አጥንት የሚጥሉለት ራሳቸው ናቸው፤ ለማላዘኑ ደመወዝ እንደ ከፈሉት አያስተውሉም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ልጁና ውሻው እንደ ቀድሞው በጎቹን ይዘው ወደ ተራራው ወጡ። ከቍጥቋጦው ውስጥ ሚዳቋ ተነሣች፤ ቡቺም ተከተላት። ልጁ ጠራው። ውሻው ቆመ፥ ዘወርም ብሎ ልጁ የያዘውን በትር ተመለከተ። ልጁም በትሩን በሣሩ ላይ አኑሮ ተንበረከከ። ውሻው ጥቂት አመነታ፥ ከዚያም አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ጎሽ!» አለው ልጁ። ቡቺም እየሮጠ መጣ፤ ልጁም ለምሳ የያዘውን ቂጣ ሁሉ ሰጠው።