ንቅሳትን ስለ ማስጠፋት

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች፣ በጎንደርና በጎጃም፣ በወሎና በትግራይ፣ ድዷን ያልተነቀሰች ወይም አንገቷ ላይ ማርዳ መሰል መስመሮች ያልተደረደሩላት ልጃገረድ ጌጥ እንደጎደላት የምትቆጠርበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በዚያ ዘመን ተነቅሰው ደም ግባታቸው የተመሰገነላቸው ሴቶች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ከእነርሱም መካከል ያንኑ ጌጥ በነጠላ ጫፍ የሚሸፍኑ፣ ፎቶግራፍ ሲነሱ አገጫቸውን ዝቅ የሚያደርጉ፣ በሌዘር ለማስጠፋት የሚያስቡም ይገኛሉ። ሰው በገዛ መልኩ ቅር ሲሰኝ ጉድለቱ ቆዳው ላይ የተቀመጠ፣ ያየ ሁሉ የሚመሰክርበት ነገር ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ መስመሩ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት፣ በአንዲት ሴት ዕድሜ ውስጥ ብቻ፣ ውበት የነበረው ምልክት እንከን ሆኖ መገኘቱ ይህን ግምት ክፉኛ ይፈትነዋል።

ንቅሳት ቀለምን በመርፌ ወይም በእሾህ ከላይኛው የቆዳ ንጣፍ ሥር ማስገባት ነው። ነቃሿ የኩራዝ ወይም የምጣድ ጥላሸት ሰብስባ በቅጠል ጭማቂ ትለውሳለች፤ ልጅቱ ራሷን በእናቷ ወይም በአክስቷ ጭን ላይ አድርጋ ትንጋለላለች፤ መርፌውም በጥላሸቱ እየተነከረ፣ ደም እስኪያዥ ድረስ፣ ነጥብ በነጥብ ይወጋል። የሚነቀሰው ድድ ሲሆን ከንፈር ተገልጦ ይያዛል፤ ድዱ ስለሚያብጥም ልጅቱ ለጥቂት ቀናት ትኩሱንና ሻካራውን ምግብ ትታ ለስለስ ያለ ነገር ብቻ ትቀምሳለች። እብጠቱ ሲጎድል ቀይ የነበረው ድድ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለውጦ ይታያል፤ ከጥቁሩ ድድ አጠገብም ጥርሷ ቀድሞ ከነበረው ይልቅ ነጥቶ ይወጣል። የነቃሿ ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ጥርሱን ሳትነካው ታነጣዋለች፤ ዓይን አንዱን ቀለም በጎረቤቱ ቀለም እንደሚመዝን ከማንም መጽሐፍ ሳትማር ታውቃለች። ከጌጥነቱ ሌላ የድድ ንቅሳት ድድን ያጠነክራል፣ የአንገቱ ደግሞ እንቅርትን ይከላከላል የሚል እምነት ነበር፤ እንቅርት በአዮዲን እጥረት ምክንያት የሚመጣ የአንገት ዕጢ እብጠት በመሆኑ ጥላሸት ሊያድነው ባይችልም፣ በሽታው በደጋው ምን ያህል የተለመደ እንደነበረ ለሚያውቅ ሰው እናቶች መድኃኒት ፍለጋ የሄዱበት መንገድ አያስገርመውም። የግንባር መስቀል ደግሞ የሃይማኖት ምልክት ነው። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ስለሆነ ልጅቱ ትወድ እንደሆነ አትጠየቅም፤ ይህ ነጥብ ስለ ማስጠፋት በሚነሣው ክርክር ውስጥ ሊሰጠው የሚገባውን ክብደት አላገኘም።

ምልክቱን ወደ እንከንነት የለወጠው ከሌላ ቦታ የመጣ ዓይን ነው። ትምህርት ቤትና ከተማ ንቅሳትን የባላገርነት መታወቂያ አደረጉት፤ ስሟ ሳይጠየቅ፣ ችሎታዋ ሳይፈተን፣ አንገቷ ታይቶ ከየት እንደመጣች የምትገመት ሴት ቆዳዋን ብትጠላ ሊፈረድባት አይገባም። ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት ከሚሄዱ ክርስቲያን ሴቶች መካከል ደግሞ ለጉዞው ሲሉ የሙስሊም ስም የሚይዙ አሉ፤ ማተብ ከአንገት ይፈታል፣ የግንባር መስቀል ግን አይፈታም። ከሁሉም ይልቅ ጉዳዩ ጎልቶ የታየው በእስራኤል ነው። በዘመቻ ሙሴ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደዚያ ከተሻገሩት ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ መካከል ንቅሳት ያላቸው ሴቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም በክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው መካከል ሲኖሩ መስቀል የተነቀሱ ናቸው። በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28 ንቅሳት በተከለከለበት ሃይማኖት ውስጥ፣ ያውም መስቀል በግንባር ይዞ መኖር፣ አይሁዳዊነታቸው በየምክንያቱ ለሚጠየቅ ስደተኞች ተጨማሪ ሸክም መሆኑ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የእስራኤል የቆዳ ሐኪሞች በአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያውያን አይሁድ ንቅሳት ማስጠፋት የሕክምና ጥናት እስከ ማውጣት ደርሰዋል።

ማስጠፋት እንደ መነቀስ ሁሉ ጥንታዊ ነው፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪም የአሚዳው አኤቲዮስ ሁለቱንም በጽሑፍ አስተምሯል። ቀለሙ ለምን እንደማይለቅ የታወቀው ግን በቅርቡ ነው። ማክሮፋጅ የሚባሉት፣ ባዕድ ነገርን እየዋጡ ሰውነትን የሚጠብቁ ሕዋሳት፣ የጥላሸቱን ቅንጣት ይውጡታል፣ ሊፈጩት ግን አይችሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት አንዱ ሕዋስ ሲሞት የለቀቀውን ቀለም ተተኪው ይቀበለዋል፤ ስለዚህ ንቅሳቱ ሲሠራ የነበሩት ሕዋሳት ካለቁ በኋላም ምልክቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተወራረሰ በዚያው ስፍራ ይኖራል። ሌዘር ይህን ውርስ የሚያቋርጠው ቅንጣቱን በማድቀቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ ባቀረቡት መርሕ መሠረት ተስማሚ የሞገድ ርዝመት ያለው እጅግ አጭር የብርሃን ምት በዙሪያው ያለውን ሥጋ ብዙ ሳይጎዳ ቀለሙን ብቻ ሊያግል ይችላል፤ የደቀቀውን ቅንጣት ሰውነት ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። ጥላሸት ካርቦን ስለሆነ ለሌዘር እጁን ቶሎ ይሰጣል። አስቸጋሪው የቆዳው ቀለም ነው፤ ሜላኒን፣ ማለትም ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ንጥረ ነገር፣ ራሱ ብርሃኑን ስለሚጠጣ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ 1,064 ናኖሜትር የሆነው ረጅሙ ሞገድ ይመረጣል፤ ያም ሆኖ ቆዳው ሊነጣ፣ ሊጠቁር ወይም ኬሎይድ የተባለው ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ ሊወጣበት ይችላል። ሕክምናው በሳምንታት ልዩነት ደጋግሞ መመላለስን ይጠይቃል። ይህን ትዕግሥት ወይም ገንዘብ ያጣች ሴት በአሲድ ወይም በፍም ለማስለቀቅ ስትሞክር ንቅሳቱን በቃጠሎ ጠባሳ ትለውጠዋለች፤ ይህም ከጉዳዩ ሁሉ አሳዛኙ ነው፤ ጌጥ የነበረውን ነገር ማንም፣ የትም አገር፣ መቼም ጌጥ በማይለው ነገር መተካት ነውና።

ንቅሳትን ማስጠፋት የቅርስ ክህደት ነው የሚል ነቀፋ ይሰማል። ነቀፋው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ካልተነቀሱና በንቅሳት ምክንያት ከሥራ ደጅ ካልተመለሱ ሰዎች ነው፤ የሰው አንገት ደግሞ የሙዚየም ግድግዳ አይደለም። በተቃራኒው ማስጠፋቱን እንደ ሥልጣኔ የሚያዩትም ሚዛናቸው ትክክል አይደለም፤ የአያቷን አንገት አይታ የምታፍረው ወጣት ራሷ በውበት ሳሎን ቅንድቧን ትነቀሳለች፤ ያኛው ኋላ ቀርነት፣ ይኸኛው ዘመናዊነት የሚባለው በቆዳው ላይ በሚሠራው ሥራ ልዩነት ሳይሆን በሚያየው ዓይን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ሁኔታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1891 ጣሊያናዊው ሐኪም ኤንሪኮ ሞርሴሊ የገለጸው፣ ዛሬ የአእምሮ ሕክምና በራሱ ስም የሚያውቀው ሕመም፣ ሌላ ሰው እምብዛም የማያስተውለውን የመልክ ጉድለት ቀኑን ሙሉ እያሰቡ፣ ከመስታወት ፊት መራቅ ተስኗቸው ወይም መስታወትን ጨርሰው ሸሽተው የሚኖሩ ሰዎች ሕመም ነው። ለእነዚህ የመልክ ማስተካከያ ሕክምና እፎይታ የሚሰጠው ከስንት አንዴ ነው፤ አንዱ ጉድለት ሲቀና ሐሳቡ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ የሚረዳቸው የሥነ ልቦናና የአእምሮ ሕክምና ነው። ግንባሯ ላይ ያለው መስቀል በእርግጥ እየታየ፣ በእርግጥም እያስገፋት ያለች ሴት ግን ታማሚ አይደለችም፤ የምታየው ነገር አለ፤ ሐኪም ሁለቱን ሳይለይ መሣሪያውን ማንሣት የለበትም።

መጀመሪያ ሲነቀሱ ያልተጠየቁ እናቶች ሲያስጠፉ እንደገና ሳይጠየቁ መቅረት የለባቸውም። ዛሬ እናቱን ይዞ ወደ ክሊኒክ የሚመጣው፣ ገንዘቡን የሚከፍለው፣ ለሐኪሙም የሚያስረዳው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ያሰበው መልካም ቢሆንም ያፈረው እርሱ እንጂ እርሳቸው ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ልጁ ውጭ ይጠብቅ፤ እናትየዋ ብቻቸውን፣ አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ፣ የትኛው እንዲጠፋላቸው፣ የትኛው እንዲቀርላቸው እንደሚፈልጉ ይጠየቁ፤ ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለባቸውና ቆዳቸው ሊነጣ እንደሚችል ይነገራቸው፤ በማይታይ ስፍራ ጥቂት ተሞክሮ ውጤቱ ይታይ። የግንባራቸው ጠፍቶ የአንገታቸው ይቅር ካሉ እንዳሉት ይደረግ፤ ሁሉም ይቅርብኝ ካሉም ቀጠሮው ይሰረዝ፣ ገንዘቡም ለልጁ ይመለስ።