በዚህ ልብስ እንዴት ትዋጋለች?

የጦር ሰው ልብስ ለውጊያ ብቻ የተሰፋበት ዘመን ያለ አይመስለኝም። የአባቶቻችንን ለምድ ልብ ብሎ ያየ ሰው ከዳርና ከዳሩ ቁልቁል የሚንጠለጠሉትን ቁራጮች ያስታውሳል። ለምድ መጀመሪያ የአውሬ ወይም የበግ ቆዳ ነበር፤ ቆዳው ሲገፈፍ እግሮቹም አብረው ይመጣሉና በለባሹ ደረትና ጎን ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። ኋላ ሐሩና ከፋዩ ሲመጣ፣ ልብስ ሰፊው እግር ኖሮት ከማያውቅ ጨርቅ ላይ እግር ቆርጦ አወጣ። እነዚያ ቁራጮች ለመዋጋት የሚጠቅሙት አንዳች ነገር የለም። ቁጥቋጦ ይይዛቸዋል፤ ፈረስ ሲጋለብ ነፋስ ያገላብጣቸዋል። ቢቀሩ ግን ልብሱ ተራ ካባ ይሆናል፤ ለባሹ አውሬ ፊት የቆመ ሰው መሆኑን የሚናገርለት አይኖርም። ሰፊው ይህን ያውቅ ነበር።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ ሳንሱሲ ውስጥ፣ ወደ ቡራዩ ከሚያወጣው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ ጌም ቤት ነው። ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ኳስ ነው የሚጫወቱት። ሒሳብ የሚቀበለው ወጣት ግን ሰው ሲቀንስለት ደብተሩን አውጥቶ ይስላል፤ ሌሊት ደግሞ የሳለውን ብሌንደር በተባለው ነጻ ሶፍትዌር በኮምፒውተሩ ላይ ይቀርጻል። አንድ ቀን የራሱን ጌም መሥራት ይፈልጋል። በዚያ ሰሞን የሳላት ምንጭ የምትጠብቅ ልጅ ነበረች፤ በራሷ ላይ ከትከሻዋ የሰፋ የአንበሳ ጎፈር፣ በእጇ ቁመቷን የሚያህል ጋሻ፣ ከኋላዋ መሬት ለመሬት የሚሳብ እጅግ ረጅም ነጠላ። የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አንድ ሃምሳ አለቃ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ልጄ፣ በዚህ ልብስ እንዴት ትዋጋለች?»

«ሃምሳ አለቃ፣ ገና ከሩቅ ስትታይ ማን እንደሆነች እንዲታወቅ ብዬ ነው።»

«ጥይት ማን ነሽ ብሎ አይጠይቅም።»

ሃምሳ አለቃ ጦር ሜዳ የኖሩ ሰው ናቸውና ቃላቸው ክብደት አለው። በእርግጥም ነጠላው ይጠልፋታል፤ ጎፈሩ ዓይኗን ይጋርዳል። ሆኖም ወጣቱ ያሰበው ነገር ከጌም ሥራ መሠረት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ጃፓናዊው ሺጌሩ ሚያሞቶ «ዶንኪ ኮንግ» ለተባለው ጨዋታ ኋላ ማሪዮ የተባለውን ሰው ሲሠራ በእጁ የነበሩት ጥቂት ነጠብጣቦች ብቻ ነበሩ። በዚያ ጥበት ጠጉር መሳል ስለሚያስቸግር ኮፍያ ደፋለት፤ አፍ መሳል ስለማይቻል ጺም አወጣለት፤ ክንዱ ሲወዛወዝ እንዲለይ ቱታ አለበሰው። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው አለባበስ የተወለደው ከመታየት ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ውስጥም ተዋጊዎቹ ጭንቅላታቸውን የሚበልጥ የትከሻ ጥሩር ይጭናሉ። ተጫዋቹ ሰውየውን የሚያየው ከኋላና ከፍ ካለ ቦታ ነው፤ ከዚያ ሲታይ ፊት የለም፤ ትከሻ፣ ራስና የጦር መሣሪያ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ፊት ሊናገር የሚገባውን ትከሻ ይናገራል።

ይህ ግን ልብሱ ለምን እንደሚተልቅ እንጂ ምን እንደሚል አያስረዳም። «ፋይናል ፋንታሲ 10» (እ.ኤ.አ. 2001) ላይ ቴትሱያ ኖሙራ የነደፋት ሉሉ የምትባል ጠንቋይ አለች፤ የቀሚሷ ፊት በቀበቶ ላይ ቀበቶ ተደርድሮ የተሞላ ነው። በዚያ ቀሚስ ተራራ መውጣት ቀርቶ ደረጃ መውጣትም ይከብዳል። እኔ ግን ልክ ነው እላለሁ። ሉሉ ሐዘኗን በውስጧ አሥራ የያዘች ሴት ናት፤ ስሜቷን ለማንም አታሳይም፤ ቀበቶዎቹ ያንን ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ልብስ የሚገባው ጥያቄ «እንዴት ትዋጋለች?» አይመስለኝም። «ምን ደርሶባት፣ ምን ሠርታ ነው ይህን የለበሰችው?» ነው። ለዚህ መልስ ካለው፣ ልብሱ የቱንም ያህል የማይመች ቢሆን እቀበለዋለሁ።

አባቶቻችን ይህን ጥያቄ አጥብቀው ይዘውት ነበር። ጎፈር ማንም ተነሥቶ ራሱ ላይ የሚደፋው ነገር አልነበረም፤ ጀግንነቱ የተመሰከረለት ሰው ነው የሚያጠልቀው። በክንድ ላይ የሚታሰረው በወርቅ የተለበጠ የብር ቢተዋ ሽልማት ነበር። ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራው ጋሻ ላይ የሚመታው ብር ጋሻውን ያከብደዋል እንጂ ጦር አያስቆምም፤ ባለቤቱ በማን ዘንድ ምን ያህል እንደተከበረ ግን ያስታውቃል። ንጉሥ ወይም ራስ ሰውን ለምድ ሲያለብስ በአደባባይ ስለ እሱ መመስከሩ ነው። ሰውየውም ወጥቶ ሲፎክር ቃሉና ልብሱ አንድ ላይ ይሰማሉ፤ ልብሱ የሚለውን አፉ ይደግመዋል፤ ሕዝቡም ያልሠራውን ሠራሁ ቢል ያውቅበታል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የወጣው ሠራዊት ይህን ሁሉ ለብሶ ነው የወጣው። የዘመኑ ጠመንጃ በያዘው እጅ ላይ የብር ቢተዋ፣ በትከሻ ላይ ባለእግር ለምድ።

ይህ ቋንቋ ለጠላትም የሚነበብ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ የጦረኛ ሹሩባ ይሠሩ ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲወድቁ የእንግሊዝ ወታደሮች ያንን ጠጉር ቆርጠው ወሰዱት። ከዚያ ጠጉር የተረፈው ለንደን ካለው የጦር ሙዚየም ወደ አገሩ የተመለሰው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2019 ነው። የሰውን ገጽታ ዋጋ ያላወቀ ጠላት ጠጉር ቆርጦ ባሕር አያሻግርም።

ሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። ጃፓናዊው ሳሙራይ ሆንዳ ታዳካትሱ የአጋዘን ቀንድ የተተከለበት የራስ ቁር አድርጎ ዘምቷል፤ የፖላንድ ፈረሰኞች ከጀርባቸው የላባ ክንፍ ነበራቸው። እነዚህን ዛሬ አንድ ሠዓሊ ፈጥሮ ቢያመጣቸው «የማይሆን ነገር» እንለው ነበር።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ሳንሱሲም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ ስልኩ ላይ ፐብጂ የሚጫወት ልጅ ስለ «ስኪን»፣ ማለትም ስለ ተዋጊው ልብስ፣ ያወራል። ስኪን በአብዛኛው የሚገኘው «ዩሲ» በሚባለው የጨዋታው መገበያያ ነው፤ ዩሲ ደግሞ በገንዘብ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ፎርትናይት» ጨዋታው በነጻ ተሰጥቶ ልብሱ የሚሸጥበትን ገበያ እጅግ አስፋፋው። ልብሱ ጉልበት አይጨምርም፤ ያማረ ነው፣ እሳት ያወጣል፣ ክንፍ ያወጣል። ነገር ግን ለባሹ ላይ የደረሰ ታሪክ የለውም። ትናንት የጀመረውና ዓመታት የለፋው እኩል ይለብሱታል። ሥዕሉ ከሉሉ ቀሚስ ቢበልጥም ለእኔ ዲዳ ነው። ያልዘመተ ሰው የገዛው ጎፈር ድሮም አፍ አልነበረውም።

በሴቶቹ ላይ ደግሞ ይብሳል። ወንዱ ከእግር እስከ ራሱ ብረት ለብሶ በቆመበት ሜዳ፣ አጠገቡ ያለችው ሴት ተዋጊ ሆዷና ጭኗ ተገልጦ ትቆማለች። «ሜታል ጊር ሶሊድ 5» (እ.ኤ.አ. 2015) ውስጥ ያለችው ኳየት የተባለች አልሞ ተኳሽ ራቁት ለመሆን ጥቂት በቀረው ልብስ ትዘምታለች፤ ለዚህም የተሰጠው ምክንያት በቆዳዋ ነው የምትተነፍሰው የሚል ነው። ምክንያቱ ከልብሱ በኋላ ተፈልጎ የተገኘ ይመስለኛል። ይህን አለባበስ የምጠላው ስለማይመች አይደለም፤ የጎፈሯ ልጅም አይመቻትም። የምጠላው ስለ ልጅቱ ምንም ስለማይል ነው። የሚናገረው ስለሚያያት ሰው ፍላጎት ነው፤ በገዛ ገላዋ ላይ የሌላ ሰው ቃል ተጽፎባታል። ጌም ቤቱ ውስጥ የሚጫወቱ ሴቶች ልጆች አሉ፤ ይህን ለመረዳት የማንም ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ወደ እኛ ልመለስ። የእኛ ነገር ወደ እነዚህ ዓለማት ገብቷል። ሾተል እ.ኤ.አ. በ2011 በ«ዳርክ ሶልስ»፣ በ2022 ደግሞ በ«ኤልደን ሪንግ» ውስጥ ከሰይፎቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ላይ ኢትዮጵያውያን ሲጨመሩ ልዩ ተዋጊያቸው ባለሾተሉ ሆነ፤ ፈጥኖ ይሰለፋል፣ አመታቱ ከባድ ነው፣ ጥሩሩ ሳስቷል። ሾተል ያለልክ የተቆለመመው የጠላትን ጋሻ ዞሮ እንዲነካ ነው፤ «ዳርክ ሶልስ»ን የሠሩት ሰዎች ይህን ዐውቀው ምቱ ጋሻን አልፎ እንዲጎዳ አድርገዋል። ቅርጹም ጠባዩም አብሮ ሄደላቸው ማለት ነው። ያልሄደው ልብሱ ነው። በዚያ ጨዋታ ሾተሉን የሚያነሣው ጀግና ብዙ ጊዜ የአውሮፓ ባላባት ጥሩር የለበሰ ነው።

የአገራችን ወጣት ሠዓልያን ይህን ክፍተት ለመሙላት ሲነሡ ብዙ ጊዜ የማየው የዚያኑ የአውሮፓ ጥሩር ዳር ላይ የተለጠፈ ጥለት ነው። ከመቅረቱ ይሻላል። ግን ጥለት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የት እንደዋለ ራሱ ንግግር ነው። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ ያደረገች ሴት ሐዘን ላይ ናት፤ ማንም ሳይጠይቃት ሁሉም ያውቃል። መስቀለኛ ያጣፋች ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ነው። በወገቡ ዞሮ ያደገደገ ሰው ከሚያከብረው ፊት ቆሟል። ሳይመን መሲንግ የተባለ የውጭ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1960 «አንትሮፖስ» በተባለ መጽሔት ስለዚሁ፣ ያለ ቃል ስለሚነገረው የሸማ ቋንቋ፣ ጽፏል። አንድ ጨርቅ ሳይቀደድና ሳይሰፋ፣ በአለባበሱ ብቻ ይህን ሁሉ ይላል። ለጌም ሠሪ ከዚህ የበለጠ ሀብት አላውቅም። አባ ገዳ ግንባር ላይ የሚታሰረው ካላቻም እንዲሁ ነው፤ ለማን እንደሚገባ ሥርዓት አለው፤ ለውበት ተብሎ ያገኙት ራስ ላይ ሁሉ የሚሰካ አይደለም።

የጌም ቤቱን ልጅ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን «ጀርኒ» የተባለ ጨዋታ እንዲያይ ነገርኩት። ቀይ ቀሚስ የለበሰ፣ እጅ የሌለው አንድ መንገደኛ በአሸዋ ላይ ይጓዛል። አንገቱ ላይ ሻርፕ አለ። በየመንገዱ የሚያበራ ምልክት ባገኘ ቁጥር ሻርፑ ይረዝማል፤ ሻርፑ በረዘመ መጠን መንገደኛው በአየር ላይ የበለጠ ይበራል። የድንጋይ አውሬ ሲመታው ደግሞ ከሻርፑ ይቆረጥበታል። የደረሰበትን መልካሙንም ክፉውንም ተሸክሞት ይሄዳል፤ በጨዋታው ውስጥ አንድ የሚነገር ቃል ባይኖርም ተጫዋቹ ሻርፑን አይቶ ሁሉን ይረዳል።

አይቶ ሲመጣ ሥዕሉን እንደገና ጀምሮታል። አሁን ልጅቱ በጨዋታው መጀመሪያ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የምትታየው፤ ምንጩን ይጠብቅ የነበረው አባቷ ሞቷል። ሐዘኗን ስትጨርስ ጥለቱ ወደ ታች ይመለሳል። የአገር ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ ታደገድጋለች። ስትዘምት በወገቧ ጠበቅ አድርጋ ትታጠቀዋለች፤ ይህችኛዋን ያሳዩት ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ በራሳቸው ወገብ ላይ ጠምጥመው። ሥራው ቀላል አይደለም። ጨርቅ በኮምፒውተር ላይ እንዲንቀሳቀስ እያንዳንዱ ነጥብ በየቅጽበቱ መሰላት አለበት፤ በርካሽ ስልክ ላይ ይህ ጨዋታውን ያንቀረፍፈዋል። ስለዚህ ነጠላው ውስጥ እንደ ሰው አጥንት የሚታጠፉ ጥቂት መገጣጠሚያዎች ብቻ አድርጎ ሊያንቀሳቅሰው ወስኗል። አሁን ካለው ኮምፒውተር ጋር ያ ራሱ ብዙ ሌሊት ይጠይቃል።

ያልተስማማነው በጎፈሩ ላይ ነው። እኔ ጨዋታው ሳይጋመስ አይገባትም፣ ሥራ ሳትሠራ አይደረግላት እላለሁ። እሱ ደግሞ «ማስታወቂያው ላይ ጎፈሯ ካልታየ ማን ያወርደዋል?» ይለኛል፤ ነጠላ ብቻ የለበሰች ልጅ በስልክ መደብር ውስጥ ከሺህ ሥዕል መካከል አትለይም። እውነቱን ነው፤ ለዚህ የምሰጠው መልስ እስካሁን አላገኘሁም። ሃምሳ አለቃ ክርክራችንን ሰምተው ሌላ ጥያቄ አመጡ። ጎፈሩን የሚሸልማት ማን ነው? በጨዋታው ውስጥ ንጉሥ የለም፤ ራስም የለም። ልጁ ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ደብተሩን ገልጦ የምንጩን ውኃ የሚቀዱ ሴቶችን መሳል ጀመረ። ሸላሚዎቹ እነሱ ይሁኑ ብሏል፤ አሁን የሚጨነቀው ለእነሱ ልብስ ነው።