ቢጫ ፊትና ጥቁር ሂና

ድሬዳዋ ጧት ጧት ፊታቸውን ቢጫ የተቀቡ ሴቶች ዳቦ ሊገዙ ይወጣሉ። በ1974 ዓ.ም. የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ እዚያች ከተማ ስመደብ ይህንን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ጧት ከዚራ ከተከራየኋት ክፍል ወጥቼ ወደ ሥራ ስሄድ አንዲት ቢጫ ሴት አየሁ። ትንሽ እልፍ ስል ሌላ። የደቻቱን አሸዋ ተሻግሬ መጋላ ስገባ አምስት ሞሉ። ትምህርቱ ትኩስ ነበርና «ይቺ ከተማ የወፍ በሽታ ገብቶባታል!» ብዬ ደነገጥኩ። ክሊኒክ ደርሼ ለሥራ ባልደረባዬ በሹክሹክታ ስነግራት ሳቋ እስከ መርፌ ክፍል ተሰማ።

«የዓይናቸውን ነጭ አየሽ?» አለችኝ።

አላየሁም። የወፍ በሽታ ሲሆን የዓይን ነጩ ቢጫ እንደሚሆን ፈተና ላይ ጽፌ አልፌበታለሁ፤ መንገድ ላይ ግን ጠፋኝ። በዚያው ቀን ማታ ቤቷ ወስዳ እኔንም ፊቴን ቢጫ ቀባችኝ። ጓደኝነታችን የጀመረው በዚህ ነው።

ቃሲል ይባላል። የቁርቁራ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ቅጠል ደርቆ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ የሚዘጋጅ አረንጓዴ ዱቄት ነው። በውሃ ሲለወስ አረፋ ያወጣል፤ የሶማሌ ሴቶች እንደ ሳሙና ፊታቸውንም ፀጉራቸውንም ይታጠቡበታል። ቢጫውን የሚያመጣው ሁሩድ ነው። ሁሩድ ማለት እኛ አልጫ ወጥ ላይ የምንጨምረው እርድ ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ሁለቱን ቀላቅለው ይቀቡትና እስኪደርቅ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ሱቅም ደርሰው ይመጣሉ። ከዚያ ታጥበውት፣ ስስ ሽቲያቸውን ለብሰው፣ ሻሻቸውን ጣል አድርገው ብቅ ሲሉ ቅድም ያያችኋቸው ሴቶች አይመስሏችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ማስክ ተቀብታ በር የምትከፍት ሴት አላውቅም። ድሬ ላይ ግን መዋቢያው ራሱ አያሳፍርም፤ ሰው የሚያየውም እንደ ሽንኩርት መላጥ እንደ አንድ የጧት ሥራ ነው።

ባለፈው ጥር ወደ ድሬ የተመለስኩት የዚያች ባልደረባዬ የመጨረሻ ልጅ ልታገባ ስለሆነ ነው። ሠርጉ እሑድ ነበር፤ እኔ ማክሰኞ ደረስኩ። ከተማዋ ሰፍታለች። ድሮ ጋሪ የምንሳፈርበት ሁሉ ባጃጅ ሆኗል። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ስለደረሰላት የተቆረቆረችው ድሬዳዋ ዛሬ አዲሱን ባቡር የምትሳፈረው ከከተማው ወጣ ብላ ነው፤ መሀል ከተማ ያለው የድሮው ለገሃር ዝም ብሏል። ያልተለወጠው ነገር አነጋገራቸው ነው። ድሬ ላይ አንቱታ የለም። የጫት ሻጯም፣ የባጃጅ ነጂውም፣ የስምንት ዓመት ሕፃንም «አንቺ» ነው የሚሉኝ። በጡረታ ዕድሜዬ «አንቺ፣ ነይ ግቢ አቦ!» ስባል አርባ ዓመት የቀነሱልኝ ያህል ደስ አለኝ።

ረቡዕ ቀፊራ ገበያ ወረድን። ሰው ስለ ቀፊራ ሲያወራ ቅስት በሮቹን ያነሳል፤ እኔን ግን የሚስበኝ የመዋቢያ ተራው ነው። ዕጣኑ፣ ሉባንጃው፣ የቃሲሉ ዱቄት በኩንታል አፍ ላይ ተቆልሎ፣ ኩሉ በትንንሽ ብልቃጥ፣ ሂናው በላስቲክ። ስለ ኩሉ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ፤ ከውጭ ከሚገቡት ኩሎች ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ያለባቸው አሉ። ትልቅ ሰው ለራሱ ያውቃል። የጨቅላ ዓይን ላይና የእትብት ቁስል ላይ ግን እባካችሁ። በሥራ ዘመኔ ስንት እናት ጋር እንደተሟገትኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሂና ሻጯ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ለሙሽራዋ የሚሆነውን እየመዘኑ ሳለ «ጥቁር እንዳታስቀቧት» አሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። ጓደኛዬ «ምን በወጣን» ብላ ገንዘቧን ከፈለች። እኔም ነገሩን አላነሳሁትም። የሻጭ ፉክክር መስሎኝ ነበር።

ቤት ስንመለስ የአሥራ ስምንት ዓመቷ የልጅ ልጇ እጇን በሻሻ ጠቅልላ ተቀምጣለች። የአክስቷ ሠርግ ነውና ከሁሉ ቀድማ አምራ መታየት ፈልጋለች። ስልኳ ላይ ያየችውን አበባ የሚሥሉበት አንድ የውበት ሳሎን ሰኞ ዕለት ገብታ በጥቁር ሂና አሥላ ነበር። በአንድ ሰዓት አለቀ፤ ሥዕሉ እንደ ቀለም የጠቆረ፣ ጠርዙ ምላጭ የመሰለ። ማክሰኞ ማታ በላት። እኛ ገበያ ሳለን እጇ አበጠ። ሻሻውን ፈትቼ ሳየው አበባው ከነቅጠሉ፣ ከነሐረጉ፣ ውሃ በቋጠረ ቆዳ ተነሥቶ ቆሟል። ሠዓሊዋ የነካችው ቦታ ሁሉ ቆስሏል፤ ያልነካችው ቦታ ደህና ነው። በሠላሳ ስምንት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ቁስል አላየሁም፤ ቁስል አምሮ ሲታይ ያስፈራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሂና ቅጠል ነው። ተፈጭቶ በውሃና በሎሚ ተቦክቶ ቆዳ ላይ ሰዓታት መቆየት አለበት፤ ሲነሣም ብርቱካናማ ነው፤ በማግስቱ እየጠቆረ ሄዶ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ በላይ አይጠቁርም። «ጥቁር ሂና» የሚባል ቅጠል በዓለም ላይ የለም። ጥቁር የሚያደርገው ውስጡ የሚጨመረው የፀጉር ቀለም ነው፤ በውስጡም በምሕፃሩ ፒፒዲ የሚባለው ኬሚካል አለ። አውሮፓውያን ለፀጉር ሲሆን እንኳ ሲቀላቀል ከመቶ ሁለት እጅ እንዳይበልጥ ወስነውበታል፤ ቆዳ ላይ መሣያ እንዲሆን ጭራሹን አልፈቀዱም። የሂና ሥዕል ላይ ግን ማን ይለካዋል? በዓይን መጠን ነው የሚደረገው። የሁሉም ሰው ሰውነት አይቆጣም። የተቆጣ እንደሆነ ግን ሰውነት አይረሳም፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ያቺ ልጅ ወደፊት የፀጉር ቀለም በተቀባች ቁጥር ራሷ፣ ጆሮዋ፣ የዓይኗ ቆብ ሊያብጥ ይችላል።

ይህንን ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ መንገር ቀላል አይደለም። እሷ የጠየቀችኝ ስለ ወደፊቱ አልነበረም።

«ለእሑድ ይደርቃል?»

«አይደርቅም።»

«ጓንት ባደርግስ?»

እናቷ ከወዲያ ሆና «ሳሎኑ ውስጥ ማን አስገባሽ!» ትላለች፤ አያቷ «ቤት ውስጥ ሂና ጠፍቶ ነው?» ትላለች። እኔ ደግሞ በልጅቷ መፍረድ አልቻልኩም። የሚያምር ነገር አይታ ተመኘች፤ ዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለ የነገራት የለም። በቀዝቃዛ ውሃ የረጠበ ንጹሕ ጨርቅ አደረግንላት፤ የውሃ ቋጠሮውን ማንም እንዳያፈርጠው አስጠነቀቅኩ፤ ሠፈር ውስጥ «የጥርስ ሳሙና ቀቢው» ያሉንን አባረርን። በማግስቱ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ቅባትና የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘላት።

ያን ዕለት ማታ እርከኑ ላይ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ጓደኛዬ ዝም ብላ ቆየችና «አንቺስ ፀጉርሽን በምንድነው የምታጠቁሪው?» አለችኝ።

ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። በየወሩ መጨረሻ፣ ቅዳሜ፣ መታጠቢያ ቤት በር ዘግቼ። ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ በተቀባሁ ማግስት ማጅራቴን ይበላኛል፤ ከጆሮዬ ጀርባ ይቀረፋል። «ሙቀት ነው» እላለሁ። ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በአንድ እይታ እለየው ነበር። የሽፋኑን ጽሑፍ አንብቤ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ መነጽሬን አድርጌ አንብቤ እንደማላውቅ ነገርኳት። አቦ፣ እንዴት እንደሳቀችብኝ!

ዓርብ ሐረር ወጣን፤ የሠርጉን ሂና የሚያቦኩት ሴት እዚያ ናቸው። ከድሬ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥታችሁ ሐረማያ ስትደርሱ ሹራብ ያስፈልጋችኋል። አወዳይ ላይ የጫቱ ገበያ መኪናችንን ሩብ ሰዓት አቆመው። ጀጎል በሸዋ በር በኩል ገብተን በመኪና ግርግር ወረድን፤ ስሙ የወጣለት በመንገዱ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪኖች ድምፅ ነው። ጓደኛዬ ለልጅቷ ረዥም እጅጌ ያለው ስስ ልብስ በአንድ ሰዓት አሰፋችላት፤ እጅጌው እስከ ጣቷ እንዲወርድ።

ሂና የሚያቦኩት ሴት ቤታቸው ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው፤ ግድግዳው በስፌትና በሳህን የተሞላ፣ መደቡ ደረጃ ደረጃ። «እርስዎ» ብዬ ጀመርኩ። «ማንን ነው የምታናግሪው?» ብለው ወደ ኋላቸው ዞረው ፈለጉ፤ በአንቺ ቀጠልን። ፀጉራቸው እንደ ሐረሪ ባለትዳሮች ከመሀል ተከፍሎ ከጆሮ ኋላ ሁለት ቦታ ተጠቅልሏል፤ በላዩ ጉፍታ አጥልቀውበታል። መልክ ብቻ አይደለም፤ ሴትየዋ ያገባች መሆኗን ሳይጠየቅ ይናገራል። እኔ ግን የሙያ ነገር ሆኖብኝ ያየሁት ግንባራቸውን ነው። በሰባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሆነው የግንባራቸው ፀጉር አልሸሸም። አዲስ አበባ ያሉ የሰላሳ ዓመት ሴቶች በጥብቅ ሹሩባና በዊግ ሙጫ ጆሮ ግንዳቸው ገጦ ስንቱን አይቻለሁ። ሹሩባ በተሠራሽ ማታ መተኛት ካቃተሽ ሠራተኛዋ አጥብቃለች፤ ፈትተሽ አሠሪው። ቀድመው ሲተዉት ይበቅላል፤ ዓመታት ከቆየ ሥሩ ይደርቅና አይመለስም። ለነገሩ ይህን የምናገርላቸው ሁሉ «ካልጠበቀማ አይቆይም» ነው የሚሉኝ።

የጓደኛዬ አፍ አያርፍምና የእኔን ማጅራት ለሴትየዋ ነገረችልኝ። ራሴን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ ከሥሩ በቅሎ ነበር፤ ለሠርጉ ቅዳሜ ልቀባው ቀለሙን ሻንጣዬ ውስጥ ይዤ መጥቻለሁ።

«ሂና ልቀባሽ?»

«ቀይ ይሆንብኛል።»

«ይሆናል። እና?»

መልስ አላገኘሁም። አዲስ አበባ የማኅበር ጓደኞቼ ምን እንደሚሉ ታየኝ። ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን በሂና ቀልተው ፈረስ መጋላ ሲቀመጡ እያየሁ ስንት ዓመት አልፌያለሁ፤ እንዴት ያምርባቸዋል እያልኩ። በራሴ ሲመጣ ግን እርጅናዬን አደባባይ ማውጣት መሰለኝ። ነጩን በጥቁር ስሸፍን ማንን ሳታልል እንደኖርኩ እንጃ፤ ዕድሜዬን የማያውቅ ጎረቤት የለኝም።

ተቀመጥኩ። ሂናውን በሻይና በሎሚ አቦክተው፣ አሳድረውት ኖሯል፣ ከሥሩ ጀምረው እንደ ቂቤ ለደፉኝ። በላስቲክ፣ ከላይ በጨርቅ ጠቀለሉኝ። ማጅራቴ ላይ ከማድረጋቸው በፊት ግን ከጆሮዬ ኋላ ትንሽ ነክተው ቡና እስኪፈላ አስጠበቁኝ፤ ማን አስተማረሽ ስላቸው «ቁስል» አሉ። እውነቱን ለመናገር የቆዳ ቁጣ ሁለት ቀን ሊዘገይ ስለሚችል የአንድ ቡና ሰዓት አይበቃም፤ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ጨመርኩላቸው፤ ንጹሕ ሂና እንኳ ቢሆን አራስ ሕፃን እንዳይቀባ፣ ደማቸው በተፈጥሮ ጂ6ፒዲ የሚባል ነገር የሚያንሳቸው ሕፃናት ላይ ቀይ የደም ሕዋስ እንደሚሰብር። «የአራስ ልጅ እግር እኛ እንቀባ ነበር» ብለው ዝም አሉ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። እኔም የጠየቅኋቸው ነገር የለም።

ከአራት ሰዓት በኋላ ሲያጥቡኝ ሥሩ እንደ ካሮት ሆኗል፤ ጫፉ በድሮው ቀለም እንደጠቆረ ነው። ጥቁሩን ሂና አይነካውም። መስታወት ሲያመጡልኝ ሦስታችንም በሳቅ ወደቅን። ሴትየዋ መቀስ አንሥተው «ያንን ቁረጪው» አሉ፤ ቆረጡልኝ። በሁለት ጣት ፀጉር፣ በብርቱካናማ ራስ ሠርግ ሄድኩ።

እሑድ ልጅቷ ረዥሙን እጅጌ ለብሳ መጣች። መጀመሪያ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ዘፈኑ ሲሞቅ ተነሥታ ስትጨፍር እጅጌው እየወረደ ሲያስቸግራት ሰብስባ እስከ ክርኗ አወጣችው፤ የእጇ ፋሻ ታየ። ጓደኞቿ ከበቧት፤ ስልክ አወጡ። እኔ ልትሸማቀቅ ነው ብዬ ስነሣ እሷ እጇን ዘርግታ እያንዳንዳቸውን «ሂናሽን የት ነው የተቀባሽው?» እያለች ትጠይቃለች። ሁለቱ እዚያው ሳሎን ለቅዳሴ ማግስት ቀጠሮ ይዘው ኖረዋል።

አዲስ አበባ ስመለስ ልጄ በሩን ከፍታ ለአፍታ አላወቀችኝም። «እማዬ፣ ምን ነካሽ?» አለችና ከዚያ እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች፤ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስላሳ ነው አለች። ማኅበር ላይ ነጠላዬን ዝቅ አድርጌ ገባሁ። አንዷ ብቻ በጆሮዬ «የት ነው የሚሠሩት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሌሎቹ ያላዩ መስለው ዳቦ ቆረሱ።

የልጅቷ እጅ ድኗል። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከችልኝ። ቆዳው ቀርፎ ተተክቷል፤ አበባው ግን ከነሐረጉ በጥቁር ቡናማ ጠባሳ አሁንም ይታያል። ሐኪሙ ወራት ይፈጃል ብሏታል። ከሥሩ «እማማ፣ ቢያንስ ሥዕሉ ቆየ» ብላ ጽፋለች።